የወላጅ ትእዛዝና የልጅ መቃብር

ስለ ታላላቆቹ የኀዘን ቴአትሮች በተነገረ ቍጥር ከብዙ ሰዎች አፍ የሚወጣው ፍርድ አንድ ነው፤ ይኸውም «የወላጁን ቃል ያልሰማ ልጅ መጨረሻው ይህ ነው» የሚል ነው። እኛ ግን ይህን ፍርድ አንቀበለውም፤ ቴአትሮቹ ራሳቸው የሚመሰክሩት ሌላ ነውና።

ከበደ ሚካኤል በ1946 ዓ.ም. ወደ አማርኛ የመለሱትን «ሮሜዎና ዡልየት» እንመልከት። የዡልየት አባት ካፑሌት በመጀመሪያ ደግ አባት ነው፤ ፓሪስ ልጁን ለጋብቻ ሲጠይቀው፥ የእርሱ ፈቃድ የልጂቱን ምርጫ የሚከተል መሆኑን ይነግረዋል። ዳሩ ግን ጥቂት ቀን ሳይቈይ ቃሉን ረስቶ፥ ገና 14 ዓመት ያልሞላትን ልጅ፥ ፓሪስን ካላገባች በመንገድ ወድቃ ብትሞት እንደማይገደው ይዝትባታል። እውነቱን የምትናገርበት በር የተዘጋባት ልጅም በሐሰት እሺ ብላ የሚያደነዝዘውን መድኃኒት ጠጣች።

«አልታዘዝ ብላ ጠፋች» የሚሉ ሰዎች ስለ ኦፌልያ ምን ይመልሱልናል? ጸጋዬ ገብረ መድኅን በተረጐሙት «ሐምሌት» ውስጥ ኦፌልያ፥ አባቷ ፖሎንየስ ከሐምሌት ራቂ ሲላት ራቀች፤ ለሐምሌት ወጥመድ አድርጎ ሲያቆማትም ቆመች። አባቷ በተገደለ ጊዜ ግን በራሷ መቆምን አልተማረችምና አእምሮዋን ስታ ውኃ በላት። ያልታዘዘችውም የታዘዘችውም ከጠፉ፥ ጥፋቱ የልጅን ሕይወት እንደ ርስቱ ከሚቈጥር ወላጅ ዘንድ አይደለምን?

ይህ የባዕድ አገር ወሬ ነው የሚል ቢኖር፥ ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙትን «ፍቅር እስከ መቃብር» ይግለጥ። ሰብለ ወንጌልን ያሰራት የአባቷ የፊታውራሪ መሸሻ የዘር ኵራት ነው፤ በዛብህን ያሰረው ደግሞ የሚወዱት ወላጆቹ የተሳሉት ስለት ነው። አንዱ በኵራት፥ ሌላው በፍቅር ቢታሰርም እስራቱ ያው እስራት ነው።

እኛ በምንኖርባት በሺንሺቾም ሆነ በዱራሜና በሆሳዕና፥ ፓሪስ ዛሬ ስሙን ለውጦ ከደቡብ አፍሪካ ይመጣል። ፎቶግራፉ በስልክ ይታያል፤ ሀብቱ ይነገራል፤ ልጂቱ ግን የምትጠየቀው ሽማግሌዎቹ እሺታን ይዘው ከተመለሱ በኋላ ነው። ወንድ ልጁንም ትምህርቱን አስትቶ በዚያው መንገድ ለመስደድ በሬውን የሚሸጥ አባት አለ። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 ጋብቻ በተጋቢዎቹ ነጻና ሙሉ ፈቃድ ብቻ እንዲመሠረት ደንግጓል። ነገር ግን ሕግ የሚሰማው በአደባባይ የተነገረውን እሺታ ነው እንጂ በምድጃ ዙሪያ የተነገረውን ዛቻ አይደለም።

«ለልጄ ብዬ ነው» የሚለውን መልስ እናውቀዋለን፤ ካፑሌትም ያለው ይህንኑ ነበር። ወላጅ ይምከር፤ ቢያስፈልግም ይቈጣ፤ የመጨረሻውን ቃል ግን ለባለ ሕይወቱ ይተው። ካፑሌትና ባላጋራው ሞንታግ እጅ ለእጅ የተያያዙት በልጆቻቸው ሬሳ ላይ ነበር። የሺንሺቾ አባት ግን ልጁ በፊቱ ቆማ ሳለች ሊጠይቃትና ሊሰማት ይችላል።