የመብራት ዋጋና የድኾች ቆጣሪ

ደንብ የሚመረመረው በተጻፈበት ቃል ብቻ ሳይሆን በሚደርስበት ቤት ጭምር ነው። የኤሌክትሪክ ዋጋ ደንብም ለደኻው እንዲያዝን ሆኖ የተጻፈ ሲሆን፥ ወደ ደኻው ቤት ሳይደርስ አሳቡ የሚጠፋበት አንድ ስፍራ አለ፤ ይኸውም ቆጣሪው ነው።

በ2011 ዓ.ም. የመብራት ዋጋ ከፍ እንዲል በተወሰነ ጊዜ፥ በወር ከ50 ኪሎዋት ሰዓት ለማያልፍ ቤት ዋጋው በቀድሞው በ27 ሳንቲም ገደማ እንዲጸና ተደረገ። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮም ዋጋው በየሦስት ወሩ እየጨመረ እስከ አራት ዓመት እንዲዘልቅ ሲታዘዝ፥ ጥቂት ለሚጠቀሙት የሚሰጠው ድጎማ ጨርሶ አልተነሣም። ምሰሶና ሽቦ ያለ ገንዘብ የማይቆሙ ስለ ሆነ ጭማሪውን በጅምላ መንቀፍ አይገባም፤ ለደኻው መታሰቡም የሚመሰገን ነው።

ነገር ግን በሐዋሳ ከተማ ወደ አሞራ ገደል የወረደ ሰው የነገሩን ሌላ ወገን ያስተውላል። በዚያ በሐይቁ ዳር ዓሣ በማጥመድ፥ በመበለትና በመጥበስ የዕለት እንጀራቸውን የሚያገኙ ብዙ ናቸው። እንዲህ ያለው የዕለት ሠራተኛ፥ በሐዋሳም ሆነ በሌሎች ከተሞቻችን፥ ብዙውን ጊዜ በአንድ ግቢ በተርታ ከተሠሩት ክፍሎች አንዱን ተከራይቶ ይኖራል። የግቢው ቆጣሪ ግን አንድ ብቻ ነው።

እንግዲህ አምስት ቤተ ሰብ እያንዳንዳቸው በወር 30 ኪሎዋት ሰዓት ቢጠቀሙ፥ አምስቱም ደንቡ ያዘነላቸው ናቸው። ቆጣሪው ግን እንደ አንድ ቤት ደምሮ 150 ብሎ ይጽፋል፤ ሒሳቡም ማቀዝቀዣና የውሃ ማሞቂያ እንዳለው ባለጸጋ ከፍ ባለው ዋጋ ይታሰባል። ባንጻሩ ተዘግቶ የሚከርም የባለጸጋ ቤት 50 ስለማይሞላ ድጎማውን ያገኛል። ሒሳቡን የፈራ አከራይም የኤሌክትሪክ ምጣድ እንዳይጣድ ይከለክላል፤ እናቲቱም ወደ ማገዶና ወደ ከሰል ጢስ ትመለሳለች። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ለተመረቀው ለታላቁ የሕዳሴ ግድብ ደኻውም ከዕለት ገቢው ከፍሎ ቦንድ መግዛቱን ለሚያስታውስ፥ ይህ የሚያሳዝን ነው።

መድኃኒቱ ሩቅ አይደለም። ለእያንዳንዱ ቤተ ሰብ ቆጣሪ እስኪደርሰው ድረስ፥ ቀበሌው በአንድ ግቢ ስንት ቤተ ሰብ እንደሚኖር መርምሮ ቢያረጋግጥ፥ የኤሌክትሪክ አገልግሎቱም የ50ውን ወሰን በዚያው ቍጥር አብዝቶ ቢያስብ፥ ድጎማው ለታሰበለት ሰው ይደርሳል። የነፍስ አባቶችም የምእመናንን ጓዳ የሚያውቁ ስለ ሆነ፥ የተቸገረውን ለሹማምንት ቢያመለክቱ፥ አከራዩንም ከሒሳቡ በላይ በተከራዩ ላይ እንዳይጭን ቢመክሩ መልካም ነው።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ በአንድ ቆጣሪ ያበሩ ድኾች ግን የታሰሩት ራሳቸው ናቸው። ይህን እስራት መፍታት ደንቡን ከጻፈው መሥሪያ ቤት ይጠበቃል።