ካርቱም ከጎርፍ ለመጠበቅ ከሳተላይት ምሥል በላይ ምን ያስፈልጋታል?

ጥቁር አባይና ነጭ አባይ የሚገናኙባት ካርቱም በ2012 ዓ.ም. ክረምት ሁለት ተቃራኒ ችግሮችን በሳምንታት ልዩነት አስተናግዳለች። ሐምሌ ላይ የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ የመጀመሪያ ሙሌት ሲካሄድ የሱዳን የመስኖ ሚኒስቴር ድንበር ላይ በሚገኘው የኤል ዴይም መለኪያ ጣቢያ የወንዙ ፍሰት በቀን በ90 ሚሊዮን ሜትር ኩብ መቀነሱን አስታወቀ። በከተማዋ አንዳንድ የመጠጥ ውሃ ማጣሪያዎች ሥራ ማቆማቸውም ተነገረ። በነሐሴ ማብቂያ ደግሞ የወንዙ ከፍታ ካርቱም ላይ ከ17.6 ሜትር አልፎ በ1938 እና በ1980 ዓ.ም. ከታዩት ታላላቅ ሙላቶች በለጠ። በመላ አገሪቱ ከ100 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ መንግሥትም የሦስት ወር የአስቸኳይ ጊዜ አወጀ።

የውሃው ማነስም ሆነ መብዛት ያስነሳው ጥያቄ አንድ ነው፦ ከላይኛው ተፋሰስ የሚመጣውን ውሃ ካርቱም መቼና እንዴት ታውቃለች?

ዝናብን መለካት ብቻውን የማይበቃበት ዘመን

ለረጅም ጊዜ መልሱ የዝናብ ጉዳይ ነበር። አዲስ አበባ የሚገኘውና በናይል ተፋሰስ ኢኒሼቲቭ ሥር ያለው የምሥራቅ ናይል የቴክኒክ ጽሕፈት ቤት በክረምት ወራት የጎርፍ ትንበያ ያወጣል። አሠራሩ በኢትዮጵያ ደጋማ ስፍራዎች የሚጥለውን ዝናብ በሳተላይት መረጃ ይገምታል፤ ከዚያም ምን ያህሉ ወደ ወንዝ እንደሚገባና የት እንደሚደርስ በኮምፒውተር ሞዴል ያሰላል።

ሕዳሴ ግድብ ይህን ስሌት ለውጦታል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ግድብ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ የመያዝ አቅም አለው። ይህም ጥቁር አባይ በአማካይ በዓመት ወደ ሱዳን ከሚያሻግረው 50 ቢሊዮን ገደማ ይበልጣል። ከእንግዲህ ድንበር የሚሻገረውን የውሃ መጠን የሚወስነው ዝናቡ ብቻ ሳይሆን የግድቡ ሥራ አስኪያጆች ውሳኔ ነው። ይህን ውሳኔ ደግሞ የትኛውም የዝናብ ሞዴል ሊተነብየው አይችልም።

ሳተላይቶች ክፍተቱን በከፊል ይሞላሉ። የአውሮፓ የሴንቲኔል ራዳሮች ደመናን ዘልቀው የሐይቁን ስፋት ያሳያሉ። አሜሪካና ፈረንሳይ በ2015 ዓ.ም. ያመጠቋት ስዎት የተሰኘች ሳተላይት የውሃን ከፍታ ትለካለች። መረጃዎቹ ለማንም ክፍት ናቸው። ይሁን እንጂ ሳተላይቶቹ በአንድ ሥፍራ ላይ የሚያልፉት በቀናት ልዩነት ነው፤ የሚነግሩትም የሆነውን እንጂ ነገ የሚከፈተውን በር አይደለም።

ለሱዳን ልዩነቱ ከባድ ነው። ከሕዳሴ ግድብ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ዝቅ ብሎ የሚገኘው የሮሴሪስ ግድብ የሚይዘው 7 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ብቻ ነው። ጥቁር አባይ በነሐሴ ወር ብቻ በተፈጥሮው የሚያመጣው ውሃ የዚህን እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ የሮሴሪስ ኃላፊዎች ውሃው ከመምጣቱ በፊት ቦታ ለማስለቀቅ የቀናት ቅድመ ማስጠንቀቂያ ያሻቸዋል።

ያልተቋጨው የመረጃ ልውውጥ

ሦስቱ አገራት መጋቢት 14 ቀን 2007 ዓ.ም. እዚያው ካርቱም ውስጥ የፈረሙት የመርሆዎች ስምምነት መረጃ መለዋወጥንና በግድቡ ሥራ ላይ መቀናጀትን ይጠቅሳል። ዝርዝሩ ግን እስካሁን አልተቋጨም። ሱዳንና ግብፅ አስገዳጅ ስምምነት ይሻሉ፤ ኢትዮጵያ በበኩሏ ወደፊት በወንዙ የመጠቀም መብቷን የሚገድብ ውል አትቀበልም።

የዚህ ዋጋ በመስከረም 2018 ዓ.ም. ታይቷል። ሱዳን ውስጥ ጎርፍ ሲከሰት ግብፅ የግድቡን አለቃቀቅ ተጠያቂ አደረገች፤ ኢትዮጵያ ክሱን አስተባብላ ግድቡ ጉዳቱን እንደቀነሰ ገለጸች። ሦስቱም ወገኖች የሚያምኑት ዕለታዊ የፍሰት መረጃ በይፋ ቢኖር ኖሮ ክርክሩ በቁጥር ሊዳኝ ይችል ነበር።

ጦርነቱና የመጨረሻው እርምጃ

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. የፈነዳው ጦርነት ችግሩን አባብሶታል። በካርቱም ባሕሪ የሚገኘው ትልቁ የውሃ ማጣሪያ ጦርነቱ በጀመረበት ዕለት ሥራ አቆመ። የአገሪቱ የሃይድሮሊክስ ምርምር ማዕከል መቀመጫ የሆነችው ዋድ መዳኒ ከታኅሣሥ 2016 እስከ ጥር 2017 ዓ.ም. በፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ ቁጥጥር ሥር ቆይታለች። በ2016 ዓ.ም. አጋማሽ የቴሌኮም አገልግሎት በአብዛኛው አገሪቱ በተቋረጠ ጊዜ ደግሞ በስልክ የሚላክ ማስጠንቀቂያ ትርጉም አልነበረውም።

በወንዞቹ መገናኛ ላይ ያለችው የቱቲ ደሴት ነዋሪዎች በሙላት ወቅት ወጣቶችን አሰማርተው ዳርቻውን ሌት ተቀን የመጠበቅ የቆየ ባህል ነበራቸው። ጦርነቱ እነሱንም አፈናቅሏል። ትንበያ ሰው ጋር የሚደርሰው እንዲህ ባለው ማኅበራዊ ሰንሰለት ነውና፣ ሰንሰለቱ ሲበጠስ የተሻለ ሞዴል ብቻውን ሕይወት አያድንም።

ስለዚህ ለሚመጡት ክረምቶች የካርቱም ደኅንነት በሦስት ነገሮች ላይ ይንጠለጠላል፦ ከሕዳሴ ግድብ አስቀድሞ በሚነገር የውሃ አለቃቀቅ ዕቅድ፣ በሱዳን በኩል በሚጠገኑ መለኪያዎችና በሚመለሱ ባለሙያዎች፣ እንዲሁም ማስጠንቀቂያውን ሰምቶ ለጎረቤቱ በሚያደርስ ነዋሪ። ሳተላይት ሦስቱንም ያግዛል፤ አንዳቸውንም ግን አይተካም።