«ተመስገን፣ ደህና ነኝ» ለጉልበት መለኪያ አይሆንም

ጉልበታቸውን በቀዶ ሕክምና ያስለወጡ ሽማግሌ ለክትትል ሲሄዱ ሐኪሙ «እንዴት ነዎት?» ይላቸዋል። መልሳቸው የታወቀ ነው፤ «ተመስገን፣ ደህና ነኝ»። ራጁም አዲሱ ጉልበት በቦታው እንደተቀመጠ ያሳያል። ሌሊት ሕመም እንደሚቀሰቅሳቸው ግን ራጁም አያሳይ፣ እሳቸውም አይናገሩ።

መጠይቅ የተዘጋጀው ለዚህ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1998 የወጣው የኦክስፎርድ የጉልበት መጠይቅ 12 ጥያቄዎች አሉት። ሕመሙ ምን ያህል ነው? ሌሊት ያስተኛል? ደረጃ መውረድስ ይቻላል? ሱቅ ሄዶ ዕቃ መግዛትስ? ተንበርክኮ መነሣትስ? ለእያንዳንዱ መልስ ከ0 እስከ 4 ይሰጣል፤ ሙሉው ነጥብ 48 ነው። ከቀዶ ሕክምናው በፊትና ከወራት በኋላ ሲሞላ፣ ሰውየው ምን ያህል እንደተሻለው በግልጽ ይታያል። በውጭ አገር የተደረጉ ጥናቶች እንደሚያሳዩት፣ ጉልበታቸውን ካስለወጡ አምስት ሰዎች አንዱ ገደማ በውጤቱ አልረካም። እነዚህን ሰዎች ለይቶ ለመርዳት መጀመሪያ መጠየቅ ያስፈልጋል።

የመንበርከኩ ጥያቄ ደግሞ ለቤተ እስራኤል ሽማግሌ ትርፍ ነገር አይደለም። በስግድ ቀን ኢየሩሳሌም ወጥቶ መስገድ ለሚፈልግ ሰው ትልቅ ጉዳይ ነው። ሕመሙ ለቀቅ ካደረጋቸውም በኋላ መንበርከክ የሚያስቸግራቸው ብዙዎች ናቸው። ስለዚህ ይህን ከቀዶ ሕክምናው በፊት ለሐኪሙ ማንሣት ይገባል።

ችግሩ ወረቀቱ በዕብራይስጥ ሲመጣ ነው። የልጅ ልጅ ተቀብሎ «አያቴ ደህና ናት» እያለ በግምት ይሞላዋል። ያ የእሱ ግምት እንጂ የእሷ ኑሮ አይደለም። የ1996ቱ የሕመምተኛ መብት ሕግ ማብራሪያ ለሕመምተኛው በሚገባው መንገድ እንዲሰጥ ያዛል። የጤና ሚኒስቴርም በ2011 የጤና ተቋማት አገልግሎታቸውን ለሕመምተኛው ቋንቋና ባህል የሚመች እንዲያደርጉ መመሪያ አውጥቷል። እንግዲያው ኩፓት ሆሊሞችና ሆስፒታሎች እንዲህ ያለውን መጠይቅ በአስተርጓሚ፣ በአማርኛ፣ ለራሳቸው ለሽማግሌዎቹ ሊያነቡላቸው ይገባል።

ሽማግሌዎችም የራሳቸው ድርሻ አላቸው። ፈጣሪን ማመስገን መልካም ነው፤ ለሐኪም ግን ሕመምን መናገር ማማረር አይደለም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም።