አድራሻችን አዲስ አበባ፣ ውሏችን መንገድ ላይ

አዲስ አበባን አምርሮ የሚያማት ሰው ብዙውን ጊዜ እዚያው የሚኖር ነው። ጠዋት የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሞ ያማታል፣ ማታ ቧንቧው ሲደርቅ ያማታል፣ ወሩ ሞልቶ አከራዩ በሩን ሲያንኳኩ ደግሞ ይረግማታል። «ጥያት ነው የምሄደው» ይላል፤ ወዴት እንደሆነ ግን አይናገርም። ለፋሲካ አገር ቤት ገብቶ ዶሮውንም ጠላውንም ቀምሶ ሦስት ቀን ሳይሞላው የመመለሻ አውቶቡስ ያጠያይቃል። እኔም ከእነዚህ ሐሜተኞች አንዱ ስለሆንኩ ነገሩን ከውስጥ አውቀዋለሁ።

ይህን ያህል እያማናት የማንለቃት ለምንድን ነው? «ሥራ ስላለ ነው» የሚለው መልስ ግማሽ እውነት ነው። ሥራ አጥቶ ሁለት ዓመት የተቀመጠ ወጣትም አይለቅም፤ ጡረታ የወጣውም አይለቅም። እኔ እንደሚገባኝ ይህች ከተማ ለነዋሪዋ የምትሸጥለት ነገር ቅርበት ነው፤ ለሐኪም፣ ለቢሮ፣ ለትምህርት፣ ለገበያ፣ ለወሬም ጭምር መቅረብ። ኪራዩም ጭሱም ግፊያውም የዚህ ዋጋ ነው። ዋጋው ውድ ነበር፣ ግዢው ግን የሞኝ ግዢ አልነበረም። አሁን አሁን ዋጋውን እየከፈልን ዕቃውን የማንረከብበት ጊዜ ላይ የደረስን ይመስለኛል።

በመጀመሪያ ስለ ዕቃው ላውራ። የካንሰር የጨረር ሕክምና ለረጅም ዓመታት በመላ አገሪቱ የሚሰጠው በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር። ታማሚው ከባሌም ይነሣ ከመተከል፣ መድረሻው ያው አንድ ግቢ ነበር። ቪዛ ፈላጊው ኤምባሲዎቹን የሚያገኘው እዚሁ ነው። ወደ ዓረብ አገር ለሥራ የምትሄደው ልጅም መጀመሪያ የምትረግጠው ባዕድ አገር አዲስ አበባ ናት። ከአንድ መሥሪያ ቤት ጋር የተጣላ ባለጉዳይ በመጨረሻ «ዋናው መሥሪያ ቤት ሂድ» ይባላል፤ ዋናው መሥሪያ ቤት ደግሞ የት እንዳለ አይጠየቅም።

ስለዚህ አዲስ አበባ ዘመድ ያለው ሰውና የሌለው ሰው እኩል አይታመሙም። ዘመድ ያለው ማደሪያ አለው፣ ወረፋ የሚይዝለት አለው፣ የታዘዘለትን መድኃኒት ከፋርማሲ ፋርማሲ ዞሮ የሚያፈላልግለት አለው። ይህን ሁሉ የሚያደርግለት የአክስቱ ልጅ ግን የሚኖረው አንዲት ክፍል ሰርቪስ ቤት ውስጥ ነው። አልጋውን ለእንግዳው ለቅቆ እሱ መሬት ላይ ፍራሽ ዘርግቶ ይተኛል። በሳምንቱ የቤቱ ባለቤት ደጃፉ ላይ ይቆማሉ።

«ልጄ፣ እንግዳህ መቼ ነው የሚሄዱት?»

«ትንሽ ነው የቀራቸው እትዬ፣ የምርመራ ውጤት እየጠበቁ ነው።»

«እግዜር ይማራቸው። ውሃው ግን አልተቻለም።»

ሴትዮዋ ክፉ ሆነው አይደለም። ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው፣ በርሚሉ አንድ ነው፣ ግቢው ውስጥ ያለው ተከራይ ብዙ ነው። አገሪቱ በየክልሉ ያልሠራችው ሆስፒታል ጉድለት የሚሞላው ከዚህ በርሚል እየተቀዳ ነው ብል አላጋነንኩም። ስለ አዲስ አበባ የኑሮ ውድነት ብዙ ይባላል፤ ይህን የእንግዳ ወጪ ሒሳብ ውስጥ ያስገባ ሰው ግን አላጋጠመኝም። የሦስተኛ ክፍል መምህሩ፣ የባንክ ቤት ጥበቃው፣ የሆቴል አስተናጋጇ ሁሉም በደመወዛቸው የአንድ ወረዳ ቆንስላ ናቸው።

ሌላው የአዲስ አበባ ስጦታ ከዚህ ጋር የሚጋጭ ይመስላል፤ ካልፈለጉት ዓይን መራቅ ነው። ትንሽ ከተማ ውስጥ አንዲት ሴት ስሟ ሳይጠየቅ «የማን ልጅ ነሽ?» ትባላለች። ከወንድ ጋር ማኪያቶ ስትጠጣ ከታየች ወሬው ቀድሟት ቤት ይገባል። ባሏን የፈታች፣ ሳታገባ ዕድሜዋ የገፋ፣ የአባቷን ንግድ አልወርስም ብላ ሥዕል መሣል ያማራት፣ ሁሉም እዚህ መተንፈሻ ያገኛሉ። እርግጥ ነው፣ «የማን ልጅ ነሽ» የማይላት አከራይ ደመወዟን ይጠይቃታል፣ ማታ ስንት ሰዓት እንደምትገባም ይጠይቃታል፤ ሰዓት እላፊ ያለበት ግቢ ሞልቷል። ቢሆንም ከዚያ ግቢ ዕቃዋን በጋሪ ጭና መውጣት ትችላለች።

አየሩን ሳልጠቅስ ባልፍ ቆላ የሚኖሩ ወዳጆቼ ይታዘቡኛል። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የተቀመጠ ዋና ከተማ በዓለም ላይ ብዙ የለም፤ ለሐምሌ ጋቢ ካለዎት ሌላው ወር በራሱ ይገፋል። ቴአትር ለሚወድ ብሔራዊና ሀገር ፍቅር አሉ፣ ለአንባቢ ከ2014 ወዲህ አራት ኪሎ ላይ አብርሆት ተጨምሮለታል። እነዚህ ሁሉ ጥሩ ናቸው። ማታ አንድ ሰዓት የሚጀምር ቴአትር አይቶ ቤቱ የሚገባ ሰው ግን ቤቱ የት ነው? ነገሬ ያለው እዚህ ጋ ነው።

የአዲስ አበባ ቅርበት በፕላን የመጣ አልነበረም። እቴጌ ጣይቱ ፍልውሃን ወደው ቤተ መንግሥቱ ከእንጦጦ ወደ ታች ከወረደ በኋላ ምኒልክ ለመኳንንቱና ለጦር አለቆቹ ቦታ መሩ። መኳንንቱ በየተመሩበት ጉብታ ላይ ቤት ሠሩ፤ ወታደሩና አሽከሩ፣ ጠጅ ጣይዋና ባለእጁ ዙሪያቸውን ሰፈሩ። ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ሠራተኛ ሰፈር የምንላቸው ስሞች የዚያ ዘመን ቅሪት ናቸው። እንዲህ ሆኖ ባለጸጋውና ድሃው አጥር ለአጥር ኖሩ። በ1967 የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን ለመንግሥት ሲያደርግም፣ ብዙ ጉድ ይዞ ቢመጣም፣ የቀበሌ ቤት ኪራይ ባለበት ተገትሮ ስለቀረ ድሃው ከመሀል ከተማ ሳይነቀል ቆየ። ጉሊት ሽንኩርት የምትቸረችረው እናት ከቤቷ እስከ መደቧ የምትሄደው በእግሯ ነበር።

ያን ኑሮ ላሞካሽ አልፈልግም። የጭቃ ግድግዳ፣ ዝገት የበላው ቆርቆሮ፣ ለአንድ ሰፈር አንድ መጸዳጃ ቤት ማለት ነበር። ስለ ድሮ ፒያሳ ዓይናቸውን ጨፍነው የሚተርኩ ሰዎች ብዙዎቹ በክረምት ሌሊት ያን መጸዳጃ ቤት ጃንጥላ ይዘው ሄደውበት አያውቁም። ቤቶቹ መቀየር ነበረባቸው። የተሳሳተው ሰዎቹም አብረው ከመሀል ከተማ እንዲነቀሉ መደረጋቸው ነው።

ጅማሬው ኮንዶሚኒየም ነበር። በ1997 ተመዘገብን፤ በ2005 እንደገና ስንመዘገብ ከ900 ሺህ በላይ ሰው ተሰለፈ። ዕጣ የወጣለት እልል አለ፣ በግም አረደ፤ ሊፈረድበት አይገባም። ቁልፉን ሲቀበል ግን ሳይቱ ቦሌ አራብሳ ነው፣ የካ አባዶ ነው፣ ቱሉ ዲምቱ ነው። ቀጥሎ መልሶ ማልማቱ መጣ፤ ከካዛንቺስ የተነሣው ነዋሪ ገላን ጉራ ገባ። አዲሱ ቤት ሴራሚክ አለው፣ የራሱ ሽንት ቤት አለው፣ በር ሲዘጋ ይዘጋል። መታወቂያው ላይ አሁንም አዲስ አበባ ተብሎ ተጽፏል።

ሥራው ሜክሲኮ አካባቢ የሆነ የቦሌ አራብሳ ነዋሪ ጎሕ ሳይቀድ ይነሣል። ሰልፉ ግን ከእሱ ቀድሞ ተነሥቷል። ተራ ደርሶት ሲገባ ታክሲው መስመር ያቆራርጥበታል፤ መገናኛ ላይ ረዳቱ «መጨረሻ!» ብሎ ያራግፈዋል። ከዚያ ሌላ ሰልፍ፣ ሌላ ሒሳብ ይከፍላል። ዝናብ ከጣለ ደግሞ ታክሲው የት እንደሚገባ ፈጣሪ ይወቀው። ማታ ይኸው ነገር ተገልብጦ ይደገማል። ልጆቹን ተኝተው ጥሏቸው ወጥቶ ተኝተው ያገኛቸዋል። ጥቁር አንበሳ ወረፋ ለመያዝ ከደብረ ብርሃን የሚመጣ ሰው የሚነሣው እሱ በሚነሣበት ሰዓት ነው። ታዲያ ይህ ሰው የሚኖረው ዋና ከተማ ውስጥ ነው ወይስ ዋና ከተማ አጠገብ?

ቀላል ባቡሩ በ2008 መባቻ ሥራ ሲጀምር መፍትሔ ይሆናል ብለን ነበር። ሁለቱ መስመሮች አንድ ላይ ወደ 34 ኪሎ ሜትር ይሆናሉ፤ አንደኛው ከአያት ጦር ኃይሎች፣ ሁለተኛው ከቃሊቲ ምኒልክ አደባባይ። ብዙዎቹ ፉርጎዎች መለዋወጫ አጥተው ቆሙ፣ የቀሩት ላይ ሰው እንደ ጤፍ ተሞልቶ ይሄዳል። ይህም ሆኖ ሐዲዱ አያት ላይ ያልቃል፤ አራብሳ ከአያት ወዲያ ነው። ቃሊቲ ላይ ያልቃል፤ ቱሉ ዲምቱ ከቃሊቲ ወዲያ ነው። ሕንፃዎቹን የነደፈውና ሐዲዱን የነደፈው ሰው ቡና አብረው ጠጥተው አያውቁም መሰለኝ።

ከ2016 ወዲህ ስለመጣው የኮሪደር ልማት የማይናገር የአዲስ አበባ ጽሑፍ ጎደሎ ነው፤ እኔም የታየኝን ልናገር። ሰፊ የእግረኛ መንገድ መሠራቱ እሰየው የሚያስብል ነው፤ ለዘመናት በአስፋልት ዳር ቦይ ስንዘል ለኖርን ሰዎች ትልቅ ነገር ነው። ማታ መብራት ባለበት መንገድ የምትሄድ ሴት ልጅ የምታገኘውን ዕረፍት ማንም ሊያቃልለው አይገባም። የማልስማማው በቅደም ተከተሉ ነው። ያን መንገድ በእግራቸው ሊሄዱበት የሚችሉት ሰዎች ቀድመው ርቀው ሄደዋል። ገላን ጉራ ያለው የካዛንቺስ ልጅ የድሮ ሰፈሩን ፏፏቴ የሚያየው በታክሲ መስኮት ነው፤ መስኮቱ ጥግ ከደረሰው።

ርቀቱ የሚጎዳው ሰዓትና ኪስ ብቻ አይደለም። ብዙ ተነሺዎች እስከ ዛሬ ዕድራቸውን አልቀየሩም። ወርኃዊ መዋጮውን ለመክፈል፣ ለቅሶ ለመድረስ፣ ቤተ ክርስቲያን ለመሳም ሁለት ሦስት ታክሲ ይዘው የድሮ ሰፈራቸው ይመላለሳሉ። ዕድሩ ድንኳን ከሚጥልበት ሰፈር አባሉ ተበትኗል። አዲሱ ሕንፃ ላይ ደግሞ አራተኛ ፎቅ ያሉት አዛውንት ቢታመሙ የሦስተኛው ፎቅ ሰው የሚሰማው አምቡላንስ ሲመጣ ነው። ይህም ቀስ በቀስ ይስተካከላል፤ ብሎክ በብሎክ አዳዲስ ዕድሮች እየተቋቋሙ ናቸው። ሽማግሌዎቹ ግን ያን ያህል ጊዜ የላቸውም።

መሀል ከተማ ልቆይ ያለውስ? በኪራይ ይገረፋል። በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ውሉ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያው ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ይላል። ጥሩ ሕግ ነው። ደላላው ግን ሕጉን ከእኔም ከእርስዎም የተሻለ ያውቀዋል፤ ወረቀቱ ላይ አንድ ዋጋ ያጽፍና በእጅ ሌላ ያስከፍላል። ተከራዩ ለምን አይከስስም ይባላል። ከስሶ የት ሊያድር?

እንግዲህ ወዳጆቼ «ወደ አገርህ ግባ» የሚለው ምክር የሚዋጥልኝ አይደለም። ሰው አዲስ አበባ የሚመጣው ሞኝ ሆኖ ሳይሆን አገልግሎቱ እዚህ ስለተከማቸ ነው። ፓስፖርት ድሮ የሚገኘው አዲስ አበባ ብቻ ነበር፤ ዛሬ በክልል ከተሞችም ይሰጣል፣ አገርም አልፈረሰ። ስፔሻሊስት ሐኪሙ፣ የይግባኝ ሰሚው ወንበር፣ «ዋናው መሥሪያ ቤት» የሚባለው ፊርማ ለምን እንደዚያው አይወርድም? እነዚህ ቢወርዱ የእኚያ ሴትዮ በርሚልም ፋታ ያገኛል።

የከተማዋን አስተዳዳሪዎች ግን አንድ ነገር ብቻ ልለምን። ቀጣዩን የመኖሪያ መንደር ስታስመርቁ ሪባኑን ከመቁረጣችሁ በፊት አውቶቡሱ መመላለስ፣ ጤና ጣቢያው ማከም፣ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ማስተማር መጀመራቸውን አረጋግጡ። ካልጀመሩ ምረቃውን ለሌላ ቀን አድርጉት።