የሻያ ስሌት ለጊኒር ይበቃልን?

በባሌ ተራሮች ላይ ከሚዘንበው ዝናብ ምን ያህሉ ወንዝ ይሆናል? ዓለማየሁ ሻውልና ሁለት ባልደረቦቻቸው በወይብ ተፋሰስ ውስጥ በሚገኘው የሻያ ወንዝ ላይ አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2013 ያሳተሙት ጽሑፍ ለዚህ ጥያቄ በቁጥር መልስ ሰጥቷል። «ስዋት» በተባለው የኮምፒውተር ሞዴል እንደተሰላው፣ የሻያ ተፋሰስ በዓመት 309 ሚሊሜትር ውሃ ያበረክታል። በአንድ ስኩዌር ኪሎሜትር ላይ የተነጠፈ አንድ ሚሊሜትር ውሃ 1,000 ሜትር ኩብ ስለሚሆን፣ ከእያንዳንዱ ስኩዌር ኪሎሜትር 309,000 ሜትር ኩብ ውሃ ይወርዳል ማለት ነው።

የሞዴሉ መሠረት ለፊዚክስ ተማሪ እንግዳ አይደለም፤ ቁስ አይጠፋም፣ ከባዶም አይፈጠርም የሚለው ሕግ ነው። የዘነበው ውሃ ወይ ይተናል፣ ወይ ይሰርጋል፣ ወይ በገጸ ምድር ይፈሳል። ሞዴሉ መሬቱን በአፈሩ ዓይነት፣ በተዳፋትነቱና በዕፅዋት ሽፋኑ ከፋፍሎ ይህን ሒሳብ በየቀኑ ያወራርዳል። በሒሳቡ ውስጥ ያሉት ብዙ ያልታወቁ ቁጥሮች የሚገኙት ግን የተሰላው ፍሰት በወንዙ ላይ ከተለካው ጋር እስኪቀራረብ ድረስ በማስተካከል ነው።

በሻያ ጥናት የመቀራረቡ ደረጃ ናሽና ሳትክሊፍ ባወጡት መለኪያ በማስተካከያው ዘመን 0.71፣ በማረጋገጫው ዘመን 0.75 ሆኗል። 1 ፍጹም መገጣጠም ነው፤ 0 ሞዴሉ ከተራ አማካይ እንደማይሻል ያመለክታል። በሙያው ልማድ ውጤቱ ጥሩ ነው፤ እኛም አናቃልለውም። ይሁን እንጂ 0.75 ማለት የስሌቱ ስሕተት ወርኃዊው ፍሰት ከአማካዩ የሚዋዥቅበትን መጠን ግማሽ ያህላል ማለት ነው። በገናና በቦና በዓመት ሁለቴ ለሚያመርተው የባሌ ገበሬም ወርኃዊ አማካዩ 25.8 ሚሊሜትር ነው ብንለው ብዙ አይጠቅመውም፤ የሚያስጨንቀው ደረቁ ወር ነውና።

ደራሲዎቹ ሞዴሉ ልኬት ለሌላቸው፣ በጠባያቸው ግን ሻያን ለሚመስሉ ተራራማ ተፋሰሶች እንደሚያገለግል ገልጸዋል። «ለሚመስሉ» የምትለው ቃል ብዙ ጊዜ ትዘነጋለች። ወይብ ከእሳተ ገሞራ አለት ከተሠሩት ተራሮች ወርዶ ወደ ጊኒር አቅጣጫ ሲዘልቅ የኖራ ድንጋይ አገር ውስጥ ይገባል፤ በጎሮና በጊኒር መካከልም በሶፍ ዑመር ዋሻ ከምድር በታች ያልፋል። ውሃ የኖራ ድንጋይን እያሟሟ ስንጥቁን ቦይ ያደርገዋል። በእንዲህ ያለ ሥፍራ ዝናቡ የወረደበትና ምንጩ የሚፈልቅበት ተፋሰስ አንድ ላይሆኑ ይችላሉ። የሻያ ቁጥሮች ተገልብጠው ለጊኒር ቢሰጡ ኮምፒውተሩ አይቃወምም፤ በቀለም ያሸበረቀ ካርታ አትሞ ያወጣል። የመስኖ ቦይ ስፋትና ከታች ላለው ከብት አርቢ የሚለቀቀው ውሃ በዚያ ካርታ ከተወሰነ ጉዳቱ የሚያርፈው በአርቢው ላይ ነው።

በአገራችን የትምህርት ተቋማት ኮምፒውተር ፊት መቀመጥ ምሁርነት፣ ቦት ጫማ አጥልቆ ወንዝ መግባት ግን የረዳት ሥራ ሆኖ ይታያል። ይህ ልማድ ሊቀየር ይገባል እንላለን። ከሮቤ እስከ ጊኒር ባሉት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የዝናብ መለኪያ ተተክሎ ተማሪዎች በየጠዋቱ በሦስት ሰዓት ቢያነቡት፣ መዝገቡንም ሮቤ ላይ ያለው መደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ቢያሰባስበው ወጪው አነስተኛ ነው። ለመለማመጃ ጎኑ ቀጥ ያለ ጣሳና ማስመሪያ ይበቃል። ዝናብ ባልጣለበት ቀንም 0 ተብሎ ይጻፍ፤ ባዶ የተተወውን ቦታ ሞዴሉ በግምት ይሞላዋልና።