«ሰርተፍኬት አለው» የተባለው በረኪና

ባለፈው ሳምንት የሕፃናት ማቆያ ያላት አንዲት እናት በቴሌግራም ፎቶ ላከችልኝ። «ዶክተር፣ በረኪና በ20 ሊትር ጀሪካን ሊያቀርቡልኝ ነው። ዋጋው አሪፍ ነው፣ ሰርተፍኬትም አላቸው። ልግዛ?» ፎቶውን አጉልቼ አየሁት። አይኤስኦ 9001 ነው።

እውነት ለመናገር ከጥቂት ዓመታት በፊት ቢሆን እኔም «ግዢ» እላት ነበር። ግን ይሄ ወረቀት የሚናገረው ድርጅቱ ሥራውን በሥርዓት ስለመምራቱ ነው። ጀሪካኑ ውስጥ ስንት ፐርሰንት ክሎሪን እንዳለ ምንም አይልም።

ሒሳቡን አብረን እንሥራው። ጀሪካኑ ላይ 5% ተብሎ ተጽፏል እንበል። ደም ወይም ትውከት የነካውን ወለል ለማጽዳት 0.5% ያስፈልገናል፤ ስለዚህ አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ እንበርዛለን። ውስጥ ያለው 1% ብቻ ከሆነስ? የበረዝነው 0.1% ሆነ ማለት ነው። ለተራ ጠረጴዛ ይበቃ ይሆናል፣ ለትውከት ግን አይበቃም። ሽታው ያው የምናውቀው የበረኪና ሽታ ነው፣ አፍንጫ ደግሞ ላቦራቶሪ አይደለም! ሠራተኛዋ በትክክል በርዛ፣ በትክክል ወልውላ፣ የሚገባውን ደቂቃ ጠብቃ ተህዋሲው እዚያው ሊቀር ይችላል። ልጆች ሲታመሙ የምትወቀሰው ግን እሷ ናት። (በነገራችን ላይ፣ ፀሐይና ሙቀት ላይ የከረመ በረኪና ሐቀኛ አምራች የሠራው ቢሆንም ይደክማል። የተመረተበት ቀን ያልተጻፈበትን አትግዙ።)

«ኧረ ዶክተር፣ ሆስፒታል የሚገዛውን ከገዛን ይበቃል» የምትሉ አትጠፉም። ሮማኒያን ላንሳላችሁ። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2015 ቡካሬስት ውስጥ ኮሌክቲቭ የተባለ የምሽት ክበብ ተቃጠለ። ከ60 በላይ ሰዎች ሞቱ። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የሞቱት በዚያች ሌሊት ሳይሆን በኋላ ነው፤ ከእነሱም መካከል ሆስፒታል ውስጥ በያዛቸው ኢንፌክሽን ያለፉ ነበሩ። በ2016 የአንድ ስፖርት ጋዜጣ ጋዜጠኞች (አዎ፣ የስፖርት!) ሄክሲ ፋርማ የተባለ ድርጅት ለሆስፒታሎች ይሸጥ የነበረውን ማጽጃ ላቦራቶሪ ወስደው አስመረመሩ። መለያው ላይ ከተጻፈው በብዙ እጥፍ የቀጠነ ሆኖ ተገኘ። የጤና ሚኒስትሩ ሥልጣን ለቀቁ። እስከዚያ ድረስ ሆስፒታሎቹ መለያውን አምነው ሲበርዙ ነበር፣ ልክ እንደኛ።

ሳኒታይዘርም ያው ነው። በ2020 አሜሪካ ውስጥ «ኢታኖል» ተብለው የተሸጡ ሳኒታይዘሮች ሲመረመሩ ሜታኖል ተገኘባቸው። ጠጥተውት የሞቱና ዓይናቸው የጠፋ ሰዎች ነበሩ። ሁለቱን አይቶም አሽትቶም መለየት አይቻልም።

ታዲያ ምን እንጠይቅ? «ሰርተፍኬት አላችሁ?» አትበሉ፣ ሁሉም አለኝ ይላል። «የዚህን ምርት የላቦራቶሪ ውጤት አሳዩኝ» በሉ። ውጤቱን ያወጣው ላቦራቶሪ በአይኤስኦ 17025 እውቅና (አክሬዲቴሽን) ያለው ይሁን። እውቅና ማለት ሌላ ገለልተኛ አካል መጥቶ መሣሪያውን፣ ባለሙያውንና አሠራሩን ፈትሾታል ማለት ነው፤ እኛ አገር ይህን የሚሰጠው የኢትዮጵያ አክሬዲቴሽን አገልግሎት ነው። እውቅናው ግን ለተወሰነ ምርመራ ብቻ ነው። ለሲሚንቶ እውቅና ያለው ላቦራቶሪ ስለ ክሎሪን ሲመሰክር አትቀበሉት። ውጤቱ ላይ ያለው የባች ቁጥር ጀሪካኑ ላይ ካለው ጋር መግጠሙንም እዩ። የሦስት ዓመት ወረቀት ለዛሬው ጀሪካን አይመሰክርም።

«99.9% ይገድላል» የሚለውስ? የትኛውን ተህዋሲ? በስንት ደቂቃ? ከአንድ ሚሊዮን ውስጥ አንድ ሺህ ይቀራል ማለትም ነው እኮ።

ትንንሽ አምራቾች ምርመራ ውድ ነው ይሉኛል። የቫይረስ ምርመራው እውነትም ውድ ነው፣ እዚያ ላይ አልከራከራቸውም። የክሎሪን መጠን መለካት ግን በቲትሬሽን የሚሠራ ተራ የኬሚስትሪ ሥራ ነው፤ በዚህ ምክንያት ማምለጥ ያለባቸው አይመስለኝም።

ያቺ እናት አቅራቢውን ጠየቀችው። «እስከዛሬ ማንም ጠይቆን አያውቅም» አላት፣ እልክልሻለሁም አለ። ይሄው ስምንተኛ ቀኑ፣ ወረቀቱ አልመጣም። እሷም አልገዛችም።

እናንተም የተላከላችሁ ውጤት ግራ ካጋባችሁ ስምና ስልክ ሸፍናችሁ ኮሜንት ላይ አስቀምጡት፣ አብረን እናነበዋለን።