በአስቸኳይ ጊዜ አቤት የሚባለው ለማን ነው?

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ሁለት አዋጆች ተከታትለው መጡ። የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 መንግሥታዊ ተቋማት መመሪያ ከማውጣታቸው በፊት የሕዝብ አስተያየት እንዲቀበሉ፣ ውሳኔያቸውንም ከነምክንያቱ በጽሑፍ እንዲሰጡ ያዛል፤ ቅር የተሰኘ ሰው ለፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት አቤት እንዲልም በር ከፍቷል። በዚያው ሰሞን የታወጀው የኮቪድ-19 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ደግሞ ለአምስት ወራት ለሥራ አስፈጻሚው ሰፊ ሥልጣን ሰጠ።

ይህ እትም የሁለቱን አዋጆች መጋጠሚያ ይመረምራል። ወረርሽኝ በር ላይ ቆሞ ረጅም ምክክር ይካሄድ የሚል የለም። ሱቁ የታሸገበት ሰው ምክንያቱን በጽሑፍ ቢያገኝ ግን በሽታን የመከላከል ሥራ አይደናቀፍም፤ ይህን አጥብቀን እናምናለን።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 93 በአስቸኳይ ጊዜ መርማሪ ቦርድ እንዲቋቋም ይደነግጋል። ቦርዱ በዋናነት የሚከታተለው የታሰሩ ሰዎችን ጉዳይና ኢሰብዓዊ እርምጃዎችን ነው። ታዲያ የንግድ ፈቃዱ የተሰረዘበት ነጋዴ፣ ድጋፍ የተቋረጠባት እናት ወዴት ይሂዱ? ጸሐፊዎቻችን መልሱን የሚፈልጉት ከየመሥሪያ ቤቱ መስኮትና ከፍርድ ቤት መዝገብ ነው። በተለይ የአስቸኳይ ጊዜ መመሪያዎች አዋጁ ካበቃ በኋላ ምን እንደሚሆኑ የሚጠይቀውን ጽሑፍ አስቀድማችሁ እንድታነቡ እንጋብዛለን።